ወንድሜ ከሞተ በኋላ ያጨደው ሰሊጥ

መተማ ዮሐንስ ላይ ሰው የሚፈራው ጨለማን አይደለም። ሲመሽ ይነፍሳል፤ ሁሉም አንገረቡን፣ የጠፍር አልጋውን፣ ደጅ አውጥቶ ይጋደማል፤ ሳቁም ሐሜቱም የሚደምቀው ያኔ ነው። የሚፈራው ቀትር ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባጃጁ ይቆማል፤ ውሻው ከጭነት መኪና ሥር ይገባል፤ ከጉምሩኩ በር ጀምሮ የተሰለፉት መኪኖች ሳይቀሩ ነፍሳቸው የወጣ ይመስላል። አስፋልቱ ላይ ውሃ ሳይኖር ውሃ ይተኛል። በዚያ ሰዓት ብቻውን የሚሄድ ሰው ከታየ እናቶቻችን ያማትባሉ። ያ ሰው ወይ ሰው አይደለም፣ ወይ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው።

ወንድሜ የጠራኝ በዚህ ሰዓት ነው። በጠራኝ ጊዜ ከሞተ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ይሄ ልጅ ሊያስፈራራን ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። እኔ ራሴ ፈሪ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን እስክጨርስ ድረስ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ በመቃብሩ መሐል የሚያልፈውን አቋራጭ ትቼ በገበያው ዞሬ ነው የተማርኩት። በዚህ የተነሳ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ያመልጠኝ ነበር። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አማርኛ ነበር። ጽሑፌ ቢያነክስ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ወንድሜ ፈንታሁን በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ልበል? እሱ አሁን ቆሟል፤ እኔ ግን በየዓመቱ እየደረስኩበት ነው። አንድ ቀን እበልጠዋለሁ። ይሄን ሳስበው ስለሚጨንቀኝ ልለፈው።

ሥራው ሞባይል ጥገና ነበር። በጉምሩኩ መንገድ ዳር፣ ከቤታችን አጥር ጋር በተያያዘች ቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ተቀምጦ የሹፌሮችን ስልክ ይፈታል። ትርፍ ጊዜ ሲያገኝ ደግሞ ከሱዳን፣ ከገላባት በኩል በመጣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የስልክ ጨዋታ ይሠራል። ላፕቶፑ በግራ ጎኑ ሥር ድንጋይ ካልተደረገለት አይነሳም። ድንጋዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በጨዋታው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የነበረኝ ድርሻ እሱ ነበር።

የጨዋታው ስም «ሳይረግፍ» ነው። ለደገኛ አንባቢ ላስረዳ። ሰሊጥ ሲደርስ ቀን አይሰጥም። ፍሬውን የያዘው ቋት ደርቆ አፉን ከከፈተ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ሳይረግፍ አጭዶ፣ ነዶውን አስሮ፣ አቁሞ ማድረቅ ነው። በጨዋታው ውስጥ እናንተ አጫጅ ናችሁ። ዝናብ ይመጣል፣ ከርከሮ ይመጣል፣ ትራክተር ዋልካ ጭቃ ውስጥ ይሰምጥና መንገድ ይዘጋባችኋል። እውነተኛ አጨዳ ላይ አንድ ፈጣን ሰው ከፊት ሆኖ መስመሩን እንደሚመራው ሁሉ እዚያም አንድ መሪ አለ። ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ከፊታችሁ ይሄዳል። የፈለገ ብትፈጥኑ አትደርሱበትም። ፊቱን አያዞርም። ሰው ይሄ ነገር ሚስጥር አለው ይል ነበር፤ ምንም ሚስጥር የለውም፣ ፈንታሁን ፊት መሳል አይችልም። አንድ ጊዜ ሞክሮ የጎረቤታችን የአያ ዘለቀ አህያ ወጣች።

የመሪው ድምፅ የራሱ የፈንታሁን ነው። «በርታ» ይላል። «ውሃ ጠጣ» ይላል። ስትዘገዩ ደግሞ «አንተ ልጅ፣ ወደ ኋላ ቀረህ» ይላል። ይቺ የመጨረሻዋ እኔን ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚጠራበት ናት።

ጨዋታው በኢንተርኔት አልተሰራጨም፤ የሰሊጡ አገር ኔትወርክ የት አለውና። ለአጨዳ የሚወርዱት የጎጃምና የወሎ ልጆች ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበሉ ይዘውት ወጡ። እስከ አብደራፊ፣ ከዚያም እስከ ደጋው ደረሰ። በሦስተኛው ዓመት ከአዲስ አበባ ናሆም የሚባል ወጣት ሰማያዊ ቲሸርት ለብሶ፣ ቲሸርቱ ላይ የድርጅቱን ምልክት ለጥፎ፣ በቀትር በእግሩ መጣ። እማ ከሩቅ አይታው አማተበች።

ናሆም ትሑት ልጅ ነው። ድርጅቱ ጨዋታውን መግዛት እንደሚፈልግ፣ ለዓለም እንዲስማማ ግን ጥቂት ነገር መቀየር እንዳለበት ነገረን። ዓለም ሰሊጥን አያውቅም፤ ካሮት ያውቃል። ዓለም ጀሪካን የያዘ ሰውዬ አይወድም፤ መነጽር ያደረገ ውሻ ይወዳል። ፈንታሁን ጠመዝማዛውን ሳያስቀምጥ ሰማውና መለሰለት።

«ካሮት ከረገፈ ውሰዱት» አለው። «አይረግፍም እንጂ። ካሮት መሬት ውስጥ ተኝቶ ይጠብቅሃል። ታዲያ ልጁ ማንን ፈርቶ ነው የሚሮጠው?»

ናሆምን ሻይ ጋብዘን ሸኘነው። ያ በግንቦት ነበር።

በነሐሴ ፈንታሁን ወባ ያዘው። አምስት ቀን። ስለ አምስቱ ቀን መጻፍ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

አርባው በወጣ በሳምንቱ ናሆም ተመልሶ መጣ። እንደ ወጉ ለቅሶ ደረሰ፤ ነጠላ አጣፍቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ከቦርሳው ውል አወጣ። እማ ከዚያ በኋላ ኪዮስኩን እንኳ ቀና ብላ አታየውም ነበርና ነገሩ ለእኔ ተተወ። እኔም ለአያ ዘለቀ ተውኩት።

አያ ዘለቀ የሰፈራችንን የመሬት ኪራይ ውል ሁሉ የሚያዋውሉ አዛውንት ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስምንቱንም ገጽ ገለጡ፤ አምስቱ እንግሊዝኛ ስለነበሩ እነሱን ቶሎ ቶሎ ገለጧቸው። ሲጨርሱ ውሉ አንድ ትልቅ ጉድለት እንዳለበት ተናገሩ። አዋሳኝ የለውም። ናሆም የስልክ ጨዋታ አዋሳኝ እንደሌለው ሊያስረዳ ሞከረ። እሳቸው ማሳ ሆኖ አዋሳኝ የሌለው የት አገር እንደሆነ ጠየቁት። ስለዚህ ጨዋታውን ከፍቼ በአራቱም ማዕዘን እስከ ጫፍ ሄድኩና ያየሁትን ነገርኳቸው። በምሥራቅ የእህል መጋዘን። በምዕራብ ወንዝ። በሰሜን የሰመጠ ትራክተር። በደቡብ በኩል ፈንታሁን ሳይጨርሰው ስለቀረ ማሳው ድንገት ይቆምና ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል።

አያ ዘለቀ ትንሽ አሰቡና በእጅ ጽሑፋቸው «በደቡብ ጨለማ» ብለው ጻፉ። በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ከጨለማ ጋር የሚዋሰን ማሳ ሲያዋውሉ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ተናገሩ። ናሆም ሳቀ። እኛ አልሳቅንም።

ስህተቱ ግን እዚያ አልነበረም። እዚህ አገር መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው ምርት ነው። ባለሀብቱ ይመጣል፣ ያርሳል፣ ያሳጭዳል፤ አዝመራው ሲያልቅ ማሳው ለባለቤቱ ይመለሳል። ውሉ «ከጨዋታው ጋር የተያያዘ ማንኛውንም መብት» ሲል እኔም፣ አያ ዘለቀም፣ ሁለቱ ምስክሮችም የገባን የዘንድሮውን ሰሊጥ በሙሉ ማለት ነው። በአራታችን ጭንቅላት ውስጥ ሌላ ትርጉም አልዞረም። ፈረምኩ። ምስክሮቹ ፈረሙ። አያ ዘለቀ መርቀው አዝመራው ያማረ እንዲሆንለት ለናሆም ተመኙለት። እሱም አሜን አለ።

በጥቅምት ሽንፋ በኩል ወዳለው የአያ ዘለቀ ማሳ ውሃ ለማቅረብ ሄድኩ። ቤት መቀመጥ አልቻልኩም ነበር። አጫጆቹ ከጎጃም የወረዱ ሃያ ሰዎች ናቸው። ቀትር ሲሆን ማጭዳቸውን ጥለው ዳሱ ሥር ይጋደማሉ፤ ከዚያ ስልካቸውን ያወጣሉ።

የመጀመሪያው «በርታ» ከጥግ መጣ። ከዚያ ከመሐል ሌላ «በርታ»። ከዚያ ከአጠገቤ። ሃያ ስልክ ነው፤ ሁሉም በየራሱ ሰዓት ይናገራል። ወንድሜ ከሃያ ቦታ፣ አንዴ ከሻሽ ሥር፣ አንዴ ከደረት ኪስ፣ አንዴ ከተኛ ሰው ጆሮ ሥር «ውሃ ጠጣ… ጠጣ… ውሃ…» ይላል። ውጭው ነጭ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ወፍ የለም። ከዚያ አንዱ ስልክ «አንተ ልጅ፣ ወደ ኋላ ቀረህ» አለ።

«አቤት ጋሼ» ብዬ ተነስቼ ቆምኩ። ጀሪካኑም ከእጄ ወድቆ ፈሰሰ።

ሃያ ሰው ዞሮ አየኝ። በአጠገቤ የነበረው አጫጅ ደመላሽ ይባላል፤ ቀልደኛ ነው። ማን እንደጠራኝ ጠየቀኝ። ስልክህ ውስጥ ያለው ሰውዬ ወንድሜ ነው፣ በነሐሴ ሞቷል አልኩት። ደመላሽ ኮፍያውን አወለቀ። ስልኩንም የት እንደሚያደርገው ቸግሮት ቆየ፤ ኪሱ ውስጥ ቢከተው ነውር መሰለው፣ መሬት ላይ ቢያስቀምጠው ነውር መሰለው። በመጨረሻ በሁለት እጁ ይዞት፣

«ነፍስ ይማር» አለኝ። «ግን ወንድምህ ደከመው እንዴ? ከትናንት ጀምሮ እየቆመ ይጠብቀኛል።»

ይሄ ሊሆን አይችልም። ፈንታሁን መሪውን መሄድ ብቻ ነው ያስተማረው፤ ማቆሚያ አልሠራለትም። ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። መሪው ቆሟል። በማሳው ደቡብ በኩል፣ አያ ዘለቀ «ጨለማ» ብለው ከጻፉት ጥቁር ዳር፣ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። የእኔን አጫጅ ወደ እሱ አስጠጋሁት። ማንም ደርሶበት አያውቅም፤ እኔ እየደረስኩበት ነበር። አንድ እርምጃ ሲቀረኝ ስልኩ ጠፋ።

ደመላሽ ስልኩን ዳሰሰና እሳት መሆኑን ነገረኝ። ሙቀቱ ነው፤ በሙቀት ስልክ ይደነዝዛል፣ ጨዋታውም ይቆማል። የሞባይል ጠጋኝ ወንድም ነኝና ይሄን አውቃለሁ። አመንኩት። ማመን ነበረብኝ፤ ማሳው ውስጥ ገና አሥር ቀን እቆያለሁ።

በወሩ መጨረሻ ከአጫጆቹ ጥቂቶቹ ለገበያ ወደ ከተማ ወጥተው ኔትወርክ አገኙ። ሲመለሱ ጨዋታው ስልካቸው ላይ ራሱን ቀይሮ ነበር። ሰሊጡ የለም፤ በሽንፋ ምድር ላይ ካሮት በቅሏል። ከፊት የሚሄደው መነጽር ያደረገ ውሻ ነው። ጎጃሜዎቹ ከልብ ተቀየሙ፤ አንዱ፣ እኛን በውሻ ሊያስመሩ ነው ወይ ብሎ አንድ ቀን ሙሉ አላጨደም። እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁ። የውሻው ጥላ የውሻ አይደለም። መሬቱ ላይ የሚሄደው ጥላ የሰው ነው፤ ረጅም፣ ጀሪካን ያንጠለጠለ። ውሻውም አፉን ከፍቶ በወንድሜ ድምፅ «ውሃ ጠጣ» አለ።

ሁላችንም ጠጣን። ምን እናድርግ።

ኅዳር ላይ ቤት ተመልሼ ናሆም ጋር ደወልኩና አዝመራው ስላለቀ ማሳውን እንዲመልሱ በትሕትና ጠየቅኩት። ምንም አልገባውም። ስልኩን አያ ዘለቀ ተቀበሉኝና እሳቸው ጮክ ብለው ደገሙለት፤ ዘንድሮ አጭዳችኋል፣ ለከርሞ ከፈለጋችሁ አዲስ ውል እንዋዋላለን አሉት። ናሆም፣ እንዲያውም እኔ ራሴ ልመጣ ነበር አለ።

መጣ። በቀትር፣ በእግሩ። ሰውየው ያው ነው፤ ቲሸርቱ ግን ቀይ ሆኗል። ከስቷል። በቦርሳው ሦስት የውሃ ኮዳ ይዞ ነበር፤ እየጠጣ ገባ፣ እየጠጣ ተቀመጠ። አያ ዘለቀ ስለ ቲሸርቱ ሲጠይቁት ድርጅታቸው ባለፈው ሳምንት በባሕር ማዶ ድርጅት መገዛቱን ተናገረ።

«ከነነፍስህ?» አሉት።

«ከነወንበሬ፣ አባቴ።»

አያ ዘለቀ ከንፈራቸውን መጠጡለት። እኛን የገዛን ሰው ሳይውል ሳያድር ተገዝቶ ሲመጣ ማየት ያሳዝናል። ሰሊጥ የበላችውን ወፍ ድመት በላቻት፤ ድመቷን ደግሞ ማን እንደበላት ቲሸርቱን አይቶ ማወቅ ነው።

ናሆም የመጣበትን ነገር ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። መሪውን ማውጣት አልቻሉም። ባለሙያዎቻቸው ሲያጠፉት ማሳው አይበቅልም፤ ካሮትም ሰሊጥም፣ ምንም። ጥቁር መሬት ብቻ ይቀራል። ፈንታሁን ጨዋታውን የሠራው መሪው የረገጠበት ቦታ እንዲበቅል አድርጎ ነው፤ እርምጃው ከሌለ አዝመራ የለም። ስለዚህ ውሻውን ከላዩ አለበሱት፤ ጥላው ግን እንቢ አለ። ድምፁን አውጥተው የታወቀ ተዋናይ ድምፅ አስገቡ፤ በሁለተኛው ቀን ውሻው በፈንታሁን ድምፅ ተናገረ። ባለሙያዎቹ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አለ፣ ከእሱ ነው የሚመጣው ይላሉ። አዲሶቹ ባለቤቶች ደግሞ የሞተ ሰው ድምፅ የያዘ ጨዋታ አንሸጥም፣ ነቅላችሁ አውጡት ብለዋል።

«ላፕቶፑን ስጠኝ» አለኝ። «ውሉ ላይ አለ። እኔ ራሴ ያንን ድምፅ ከሰማሁ ወዲህ ውሃ ሳልጠጣ አንድ ሰዓት መዋል አልቻልኩም።»

አልሰጥም አልኩ። ፈንታሁን ፊት አልሳለም። ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር፤ ያለን የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነው፣ እሱም የተቆጣ ሌላ ሰው ይመስላል። የቀረን ድምፁ ነው። ድምፁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ማሳውን ይውሰዱ፣ ካሮት ይዝሩበት፤ ወንድሜን ግን አላስነቅልም አልኩ። ይሄን ሁሉ ስል አያ ዘለቀ ውሉን ከኪሳቸው አውጥተው እንደገና እያነበቡ ነበር፤ በዚህ ጊዜ እንግሊዝኛውን ናሆም እንዲተረጉምላቸው አደረጉ። ሲጨርሱ ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ ስህተቱ የእኔ ነው» አሉኝ። «ለካ የሚሸጥ መሬትም አለ። ግን ፈርመናል። ነገ ሌላ ሰው ከፊቴ ተቀምጦ ሲፈርም በምን አፌ ቃል ይከበራል እለዋለሁ?»

የአያ ዘለቀን ቃል ማፍረስ ማለት የሰፈሩን ውል ሁሉ ማፍረስ ማለት ነው። ላፕቶፑን ከኪዮስኩ አወጣሁ። ድንጋዩን አደረግኩለት። ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ ጊዜ ልስማው አልኩ፤ ናሆም እሺ አለ።

ድምፆቹ በአንድ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «በርታ» ሠላሳ ጊዜ ያህል ተቀድቷል። በአንዱ ባጃጅ ያልፋል፤ በአንዱ ሹፌር ስልኩ መቼ እንደሚደርስለት ይጠይቃል፤ በአንዱ ፈንታሁን ራሱ ይስቃል። እየቀጠልን ስንሄድ ድምፁ ይለወጣል። የመጨረሻዎቹ የነሐሴ ናቸው። «ውሃ ጠጣ» ሲል ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ትኩሳት ላይ ሆኖ ነው የቀዳው። ለካ ዘንድሮ ከስልክ ወደ ስልክ የሄደው ጨዋታ ውስጥ ያለው ይሄኛው ነው። ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቼው ለአጫጁ የተነገረ ይመስለኝ ነበር፤ የተጠማው ግን እሱ ነው።

ናሆም ኮዳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

የመጨረሻውን ከፈትኩ። መጀመሪያ ምንም የለም፤ የቆርቆሮው መንጣጣት ብቻ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከቤት በኩል፣ የእማ ድምፅ «ፈንታሁን፣ ምሳ ቀርቧል» ይላል። ከዚያ እሱ፣ ማይኩ ላይ ተጠግቶ፣ በደከመ ድምፅ፦ «መጣሁ እማ፣ ይቺን ልጨርስ።»

ዞር ስል እማ በር ላይ ቆማለች። ለእንግዳው ውሃ ይዛ መጥታ ነበር። ከሞተ ጀምሮ ከእሷ የደበቅኩት ድምፁን ነው፤ ስልክ በተከፈተበት በኩል እንዳታልፍ ስንት መንገድ አዙሬያታለሁ። ላፕቶፑን ልዘጋው ስል እጇን አነሳችና ድገመው አለችኝ። ደገምኩት። አንገረቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ልጇ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ናሆምን ጠየቀችው።

ናሆም ለአዲሶቹ አለቆቹ እንደሚያስረዳ ሁሉ በሥርዓት አስረዳት። ያጭዳል። ከፊት ሆኖ ይመራል። በስንት ስልክ ውስጥ? በብዙ ሺህ። ሲመሽስ? እዚያ ውስጥ አይመሽም፤ ፀሐዩ ሁልጊዜ ቀትር ላይ ነው። ያርፋል? ናሆም መልሱን እያወቀ ላፕቶፑን አየ፣ ከዚያ ጣሪያውን አየ።

«አያርፍም፣ እናቴ።»

እማ ያኔ ያየችው ናሆምን አልነበረም፤ እኔን ነው።

«እኔ አርባውን ያወጣሁት እንዲያርፍ ነው። አንተ በቀትር እንደሚያጭድ ታውቅ ነበር?»

አውቅ ነበር። አዲሶቹ ባለቤቶች ሊነቅሉት፣ እኔ ላቆየው ተሟገትን እንጂ ደክሞት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ደመላሽ ጠይቆኛል፤ እሱ ግን ጎጃሜ ነው፣ የሚቀልድ መሰለኝ። ወንድሜን የሚወድ ሁሉ ወንድሜን ሥራ ላይ ነበር ያሰማራው። ከሁሉ የባስኩት እኔ ነኝ።

እማ አሳርፈው አለችኝ። እንዴት? ባለሙያዎች ያቃታቸውን እኔ ከየት አምጥቼ? ፈንታሁን ከድንጋዩ ቀጥሎ ያስተማረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛፍ መትከል። አበላሽ እንደሆን ብሎ ከዛፍ በላይ አያስነካኝም ነበር። ስለዚህ ዛፍ ተከልኩ። በማሳው ጫፍ፣ ከጥቁሩ ዳር፣ አንድ ቁርቁራ። ጥላዋን ሰፊ አደረግኩት። ከዚያ ናሆም ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ባለሙያዎቹን እየጠየቀ፣ እኔም እየጻፍኩ፣ አያ ዘለቀ ድንጋዩ እንዳይንሸራተት በእጃቸው ደግፈው፣ መሪው መስመሩን ሲጨርስ ከዛፏ ሥር ገብቶ እንዲቀመጥ አዘዝነው። ሦስት ጊዜ ዛፏ ላይ ወጣ። አንድ ጊዜ ወንዙ ውስጥ ተቀመጠ። በአምስተኛው ጀሪካኑን አስቀመጠና ግንዱን ተደግፎ ተቀመጠ። ማሳው አልደረቀም። መሪው በውስጡ አለና፤ ተቀምጦም ቢሆን አለ። በስልኩ ጫፍ የነበሩት ባለሙያዎች መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ አንዱ፣ ጥላው ከውሻው ሥር ጠፋ አለ።

ድምፆቹን አንድ በአንድ ከጨዋታው ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሬሳ የሚገንዘው ዘመድ ነው፤ ባዕድ አይነካውም። ናሆም ላፕቶፑን ከመውሰዱ በፊት ቅጂ ማስቀረት ውሉ እንደማይፈቅድ ነገረኝ። ነግሮኝ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣ። የሚጠጣው ውሃ ኮዳው ውስጥ እያለ ወደ ውጭ ወጥቶ ባጃጅ ከተማውን ዞሮ የሚመለስበትን ያህል ጊዜ ቆየ። የምሳዋን ድምፅና ዛፏ ያለችበትን የሰሊጡን ማሳ ስልኬ ላይ ገለበጥኩ። ድምፁን እስካሁን አልከፈትኩትም። እማም አታውቅም፤ ይሄን ጽሑፍም አታነብም።

አሁን በዓለም ላይ ካሮት የሚያጭደው ውሻ ነው። ይመቸው። ኔትወርክ በሌለበት በሰሊጡ አገር ግን በአሮጌዎቹ ስልኮች ውስጥ ወንድሜ ገና አላረፈም ነበር። ስለዚህ የአጨዳው ጭራ ሳይበተን ወደ ሽንፋ ተመልሼ በየዳሱ እየዞርኩ፣ ከስልክ ወደ ስልክ፣ አዲሱን ሰሊጥ ሰጠኋቸው። ውሉን መጣሴ ነው፤ አያ ዘለቀ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነዋል። ደመላሽ ስልኩ ላይ መሪው ሲቀመጥ አይቶ፣ እሱ ተቀምጦ እኔ ብቻዬን ላጭድ ነውር ነው ብሎ የራሱንም አጫጅ ከጎኑ አቆመው። እስኪመሽ ከዚያ አላንቀሳቀሰውም አሉ፤ እዚያ ውስጥ ግን አይመሽም።

ቤት ስገባ እማ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ። ተቀመጠ ወይ አለችኝ። በሁሉም ስልክ ተቀምጧል አልኳት። አሳየኝ አለች፤ አሳየኋት። ስልኩን ከፊቷ ራቅ፣ ከዚያ ቀረብ አድርጋ ቁርቁራዋን አየች፣ ጀሪካኑን አየች፣ ጀርባውን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ምሳውስ የታለ አለችኝ።

ከዛፍ በቀር ምንም መሳል እንደማልችል ነገርኳት። እሷ ቆማ ጠበቀች። ላፕቶፑ ስለሄደ በስልኬ ላይ እየታገልኩ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ትሪው መጀመሪያ የትራክተር ጎማ መሰለ፤ እንጀራው የሰፌድ ስፌት መሰለ፤ ሽንኩርቱን ከርከሮ የበላው አስመሰልኩት። በሦስተኛው ቀን ሰው ቢርበው የሚበላው ነገር ሆነ። ከዛፏ ሥር፣ በእጁ ትይዩ አስቀመጥኩለትና ለእማ ሰጠኋት።

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቆየች።

«ወጡ አንሷል» አለች።